ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች
(ተመላልሶ ስለሚመጣ ጭንቀት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የፈተና ሰሞን በመጣ ቁጥር ከመካከላችን አንዳንዶቻችን እንጠፋለን። ለመዝሙር ጥናት አንመጣም፤ የጠየቀን ቢኖር «ጥናት በዝቶብን ነው» እንላለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ እናድራለን፤ መጽሐፉ ተከፍቶ ሳለ አንዲት ገጽ አንገፋም፤ ልባችን ይመታል፤ እጃችንን ያልበናል። ይህን የምንጽፈው ሰምተን ሳይሆን ደርሶብን ነው። አንድ ጊዜ እስከ ፈተናው አዳራሽ በር ደርሰን ተመልሰናል። ያን ቀን ትልቅ ዕረፍት ያገኘን መሰለን፤ በሚቀጥለው ፈተና ግን ፍርሃቱ እጥፍ ሆኖ ጠበቀን። ያማከርነውም ሰው «እምነት ቢኖራችሁ ባልተጨነቃችሁ ነበር» አለንና በጭንቀቱ ላይ ኀፍረት ተጨመረብን።

እንግዲህ ጭንቀት የእምነት ጉድለት ነውን? ተመላልሶ ለሚመጣ ጭንቀትስ የሚዘልቅ ዕረፍት ከወዴት ይገኛል?

ሀ/ የነቢዩ ጭንቀት

በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ጸልዮ እሳት ከሰማይ ሲወርድ እናያለን። በምዕራፍ 19 ግን ያው ኤልያስ ከኤልዛቤል ዛቻ የተነሣ ሲሸሽ እናገኘዋለን። ብላቴናውን በቤርሳቤህ ተወው፤ ብቻውንም የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ሄደ፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። እንዲህ ያለውን ሰው እምነት የለውም የሚል ማን ነው? ጭንቀት በኃያላንም ላይ ይመጣል። እግዚአብሔርም ነቢዩን «እምነትህ ወዴት አለ?» ብሎ አልዘለፈውም።

ለ/ ነቢዩ ያረፈበት መንገድ

1ኛ/ እንቅልፍና ምግብ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የተሰጠው ትምህርት አይደለም፤ እንጎቻና በማሰሮ ያለ ውኃ ነው። በላ፤ ጠጣ፤ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ መገበው። እኛስ? በቡና ብዛት ሌሊቱን ቁጭ ብለን እያደርን፥ ያልተኛ ሰውነት በጥቂቱ እንደሚደነግጥ እንዘነጋለን። በጾም ወራትም ቢሆን ከሰዓቱ በኋላ በሚገባ መመገብ፥ ሕመም ያለበትም የንስሐ አባቱን ማማከር ይገባዋል።

2ኛ/ መናገር፤ በኮሬብ ተራራ እግዚአብሔር ኤልያስን በዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። እርሱም ብሶቱን ተናገረ። ሁለተኛም ሲጠየቅ ያንኑ ብሶት ደገመው፤ እግዚአብሔርም መስማት አልሰለቸውም። ስለዚህ «ይህን ባለፈው ሳምንት ተናግሬ የለምን?» ብለን አንፈር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለንስሐ አባታችን፥ ለታመነም ባልንጀራ ደግመን እንንገር።

3ኛ/ መመለስ፤ ነቢዩ በመጣበት መንገድ እንዲመለስ ታዘዘ። ከሁሉ የሚከብደን ይህ ነው። ፍርሃት ሲመጣ ሰውነታችን ለሽሽት ይዘጋጃል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ሆድ ይታወካል። የሚያስጨንቅ ቢሆንም ባንሸሸው ቀስ በቀስ ይበርዳል። በሸሸን ቁጥር ግን አእምሮአችን «ያዳነኝ ሽሽቱ ነው» ብሎ ይማራል፤ በበሩ ላይ ያገኘነው ዕረፍት የሚቀጥለውን ፍርሃት ያሳደገው ስለዚህ ነው። በኋላ ግን ትንፋሻችንን ቀስ ብለን እያስወጣን፥ በልባችን እየጸለይን ወደ አዳራሹ ገባን። በመጀመሪያ ብዕር መያዝ አቃተን፤ ቆይቶ ግን ቀለለን፤ ጽፈንም ወጣን። ውጤቱ የሚያኮራ አልነበረም፤ ነገር ግን ከበሩ አልተመለስንም።

4ኛ/ ሥራና ባልንጀራ፤ ብቻዬን ቀረሁ ላለው ነቢይ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፤ የሚሠራው ሥራ ተሰጠው፤ ኤልሳዕም ተከተለው። ስለ አባ እንጦንስም ተመሳሳይ ታሪክ ይነገራል። በግብፅ በረሃ ልቡ በታወከ ጊዜ፥ እርሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ሲታታ፥ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ዳግመኛም ለሥራው ሲቀመጥ አየ። የታየውም መልአክ ነበር፤ ይህን ሥርዓት ይዞ አባታችን ጸና። ጥቂት ሥራ፥ ጥቂት ጸሎት፥ እንደገና ሥራ፤ የሚዘልቅ ዕረፍት እንዲህ በየቀኑ ይሠራል።

ሐ/ ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

ጭንቀቱ ለሳምንታት ሳይለቅ እንቅልፍ፥ ምግብና ትምህርት ካስተወን፥ ወይም እንደ ኤልያስ ሞትን የሚያስመኝ ከሆነ፥ ሳንዘገይ ለምናምነው ሰው ነግረን ወደ ሐኪም እንሂድ። በአዲስ አበባ ካለው የአማኑኤል ሆስፒታል ሌላ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ብዙ ሆስፒታሎች አሉ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ጠበል የሚጠመቅ መድኃኒቱን ይጣል አልተባለም፤ ሐኪሙን ሳያማክርም ማቋረጥ ጉዳት አለው።

መደምደሚያ

የሚዘልቅ ዕረፍት ማለት ፍርሃት ዳግመኛ አይመጣም ማለት አይደለም። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 1 መልአኩ ኤልያስን ወደ ንጉሥ ሲልከው እንዳይፈራ ነግሮታል። እንግዲህ የሚያስፈራው ነገር እንደገና መጥቶ ነበር። ነቢዩ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ምድረ በዳ አልሸሸም፤ ተነሥቶ ወረደ።

በመጪው የፈተና ሰሞን ከመዝሙር ጥናት የቀረ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር ሄደን እንጠይቅ። «ለምን ጠፋህ?» ከማለታችን በፊት እንጎቻና ውኃ ይዘን እንሂድ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ኤልያስ ብላቴናውን ትቶ ብቻውን መሄዱ ጭንቀቱን እንዴት ያባባሰው ይመስላችኋል?
2. እኛ የምንሸሸው «በር» የትኛው ነው?
3. ክፍላችን ለተጨነቀ አባል ምን ሊያደርግ ይችላል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።