ሁለተኛ ዲግሪ ይዛ ቤት የገባች ልጅ፤ ወላጅ በምን ሊረዳት ይችላል?

መግቢያ

በአገራችን ወላጅ ልጁን እስኪያስመርቅ ድረስ የሚያደርገው አይጠፋውም። ደብተር ይገዛል፣ ስንቅ ይልካል፣ ቡና ሸጦ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ግራ የሚገባው ከምረቃው በኋላ ነው። ልጁ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ ሥራ ሲያጣማ "ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?" ማለት ይመጣል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንን ጥያቄ ለመመለስ እሞክራለሁ።

እኔ በካፋ ዞን በቢታ ገነት ከተማ የምኖር፣ በክረምት መርሐ ግብር የምማር መምህር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ቤት ከገባች አሥራ አንድ ወር አልፏታል። ስለዚህ የምጽፈው በክፍል ከተማርኩት ብቻ ሳይሆን በቤቴ ከማየው ጭምር ነው። ጉዳዩም የእሷ ብቻ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ 11ኛ ክፍል ነው። በቅርቡ "እሷ ይህን ሁሉ ተምራ ምን አገኘች? እኔ እኮ ቡና ንግድ ብገባ ይሻለኛል" ብሎኛል። አንድ ተመራቂ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ቤቱ ውስጥ ያሉት ታናናሾች ሁሉ ስለ ትምህርት የሚያስቡትን ይለውጣሉ።

የችግሩ ምንጭ

በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ተማሪ በመንግሥት ይመደብ ነበር። የኔ ዕድሜ ሰዎች ስለ ሥራ ስናስብ ዛሬም ያ ምደባ አእምሯችን ውስጥ አለ። አሁን ግን ሥራ የሚገኘው ማስታወቂያ አይቶ፣ ተመዝግቦና ተወዳድሮ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የእኛን አካባቢ ልጆች የሚይዙ ሁለት እንቅፋቶች አሉ።

አንደኛው ርቀት ነው። የብዙ ማስታወቂያዎች ቃል ተመሳሳይ ነው፤ "የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ ይዛችሁ፣ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት ተከታታይ የሥራ ቀናት በአካል ቀርባችሁ እንድትመዘገቡ" ይላል። ወሬው ቢታ ገነት እስኪደርስ ግማሹ ቀን ያልቃል። የቀረው ደግሞ በመንገድ ያልቃል። በተጨማሪም ቦታው የት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። መስከረም 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ በኅዳር ወር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት፣ ቀድሞ ሐዋሳ ይታይ የነበረው ጉዳያችን ወደ እኛ ቀርቧል። ሆኖም የክልሉ መቀመጫ በአራት ከተሞች ነው፤ በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በታርጫ። ስለዚህ "ክልል ሥራ ወጣ" ሲባል "በየትኛው ከተማ?" ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ልምድ ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ የገባ ሰው ሁለት ዲግሪ ይኖረዋል፤ የሥራ ልምዱ ግን ዜሮ ዓመት ነው። ብዙ ማስታወቂያዎች ሁለተኛ ዲግሪ ላለው የሚጠይቁትን ዓመት ይቀንሱለታል እንጂ ጨርሰው አይተዉለትም። ቀጣሪውም ወረቀቱን አይቶ ሰውየው ምን መሥራት እንደሚችል ማወቅ ይቸግረዋል።

ዘመድና ትውውቅ

ወላጅ መጀመሪያ የሚያስበው ዘመድ ነው። ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በማሳቹሴትስ ባለሙያዎች ሥራቸውን እንዴት እንዳገኙ ጠይቆ ነበር። በሰው በኩል ካገኙት መካከል ያንን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ዘመዳችን የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው። ሩቅ ያለው ትውውቅ ግን እኛ ያልሰማነውን ይሰማል።

እዚህ ላይ ወሬ መጠየቅንና ቦታ መለመንን መለየት ይገባል። አንድ ስሙን የማልጠራው ሰው "ትንሽ ነገር ካዘጋጀህ ቦታው ይገኛል" ብሎኝ ነበር። ልጄ ይህን ስትሰማ "አባዬ፣ በገንዘብ ከገባሁ መቼ ነው ቀና ብዬ የምሠራው?" አለች። እኔም አልሰጠሁም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ይጠይቃል። ከዚያ ይልቅ ድሮ አብረውኝ ያስተማሩ፣ አሁን በየከተማው የተበተኑ መምህራንን ስልክ አሰባሰብኩ። የጠየቅኳቸው "ቅጠሩልኝ" ብዬ አይደለም። "ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ" ነው ያልኳቸው። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ማንንም አያሳፍርም።

የአዲስ አበባው ጥናት ምን ያስተምረናል?

ለጉዳያችን በጣም የሚጠቅም ጥናት በራሳችን አገር ተሠርቷል። ግሩም አበበ ከአምስት የውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ከአዲስ አበባ መሀል ርቀው የሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን አጥንቷል። ለአንዱ ክፍል ወደ መሀል ከተማ የሚመጡበት የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ። ሌላው ክፍል ደግሞ ሲቪና ማመልከቻ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ አቀራረብ ተማረ፤ ችሎታውም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። በአጭር ጊዜ ሁለቱም እርዳታዎች መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድልን ከፍ አድርገዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቷል። ችሎታቸውን ማሳየት የተማሩት ገቢያቸው ከሌሎቹ በልጦ ተገኝቷል፤ በሥራቸውም የበለጠ ረክተዋል።

እኔ ከዚህ የምረዳው ይህን ነው። የወላጅ ገንዘብ በር ድረስ ያደርሳል፤ ልጁ የሚችለውን ለሌላ ሰው በሚገባ ቃል መናገር ሲለምድ ግን ጥቅሙ ይቆያል። ለዚህ ደግሞ ወላጅ ሀብታም ወይም ምሁር መሆን የለበትም።

በቤት ውስጥ ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች

አንደኛ፣ ሥራውን በሥራ ቋንቋ ማስጻፍ። የልጄ ሲቪ ላይ የመመረቂያ ጽሑፏ ርዕስ ብቻ ነበር የተጻፈው። አንድ ቅዳሜ ቁጭ አልንና "እስቲ በነዚያ ስምንት ወራት እጅሽ ምን ሠራ?" አልኳት። ስትዘረዝረው 120 አባወራዎችን ጠይቃለች፤ ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎችን አሠልጥና መርታለች፤ በጂፒኤስ የደን ወሰን ለክታለች፤ መረጃውን በኮምፒውተር አስገብታ ተንትናለች። በካፊኖኖም በአማርኛም ከገበሬ ጋር ትነጋገራለች። ይህ ሁሉ ችሎታ ነው፤ ግን ካልተጻፈ ማን ያየዋል? ሲጻፍ ደግሞ እውነት ብቻ ይሁን፤ ፈታኙ እያንዳንዱን ሊጠይቅ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ማስረጃን አስቀድሞ ማዘጋጀት። ዲግሪ ወይም ቴምፖ፣ ትራንስክሪፕት፣ የወጪ መጋራት ደብዳቤ፣ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ ተሟልተው ኮፒያቸው በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ፎቶ ተነሥተው ስልክም ላይ ይኑሩ። በተወካይ ወይም በኢንተርኔት መመዝገብ የሚፈቅዱ ቀጣሪዎች ስላሉ መንገዱን ያሳጥራል።

ሦስተኛ፣ የመንገድ ገንዘብ። የእኛ አገር ቤት ገንዘብ የሚገባው በቡና ለቀማ ወራት ነው። ማስታወቂያ ግን ወር አይመርጥም። ስለዚህ ከቡናው ሽያጭ ለሁለትና ሦስት ጉዞ የሚሆን ለብቻ ማስቀመጥ በየጊዜው ብድር ከመፈለግ ያድናል።

አራተኛ፣ ጊዜ። ይህ በተለይ ሴት ልጆችን ይመለከታል። ሴት ልጅ ቤት ከተቀመጠች ወጥ ቤቱ፣ ውሃው፣ እንግዳው ሁሉ የእሷ ይሆናል። "ሥራ የላትም" ይባላል እንጂ ማመልከቻ የምትጽፍበት ጊዜ ነው የሌላት። እኛ ቤት ማክሰኞና ዓርብ ጧት የእሷ ሆነው ሥራው ለወንድሟም ተከፍሏል።

አምስተኛ፣ በአካባቢው ያለውን ሥራ በእኩል ዓይን ማየት። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። ቦንጋ ላይ ዩኒቨርሲቲ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ የግብርና ምርምር ማዕከልና የጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አሉ። በሚዛንና በቴፒ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሦስት ወር የመረጃ ሰብሳቢነት ሥራ "ለማስተርስ አይመጥንም" ተብሎ መናቅ የለበትም፤ ሲያልቅ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በእጅ ይሰጣል። ይሁን እንጂ መግባት ያለባት የት እንደሆነ የምትወስነው እሷ ናት። ልጅ ብትሆንም አዋቂ ሰው ናት። ወላጅ በየቀኑ "ምን ተገኘ?" እያለ ከሚጠይቅ፣ ሁለቱ በተስማሙበት ቀን በሳምንት አንዴ ቢነጋገሩ ይሻላል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው የተማረ ልጅ ሥራ ማጣት የወላጅም የልጁም ስንፍና ምልክት አይደለም። ወላጅ ሥራ መፍጠር ባይችልም ወሬውን ማቅረብ፣ መንገዱን ማሳጠርና ልጁ የሚችለውን እንዲናገር ማለማመድ ይችላል። ልጄ እስካሁን ሦስት ፈተና ተፈትናለች፤ በአንዱ ተጠባባቂ ሆናለች፤ ባለፈው ወር ደግሞ በአንድ ፕሮጀክት ለአጭር ጊዜ የመስክ ሥራ ተቀጥራለች። ቋሚ ሥራ ገና ነው። ወንድሟ ግን ማታ ማታ የመስክ ቅጿን አብሯት ሲቆጥር አየዋለሁ፤ ስለ ቡና ንግዱም ሰሞኑን አላነሣም። ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችሁ ተመራቂ ካለ በዚህ ቅዳሜ ቁጭ በሉና "እጅህ ምን ሠራ? እጅሽ ምን ሠራ?" ብላችሁ ጀምሩ።