ከፍታ የሚሰጠውና የሚነሳው፦ የሞተር ሳይክል የነዳጅ ፍጆታ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች

አንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ለሚለው ጥያቄ ከሞተር ሳይክል አሽከርካሪዎች የሚገኘው መልስ የተለያየ ነው። ተመሳሳይ ሞዴል የሚያሽከረክሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ሃምሳ፣ ሌላው ሠላሳ አምስት ሊል ይችላል። ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ በሞተሩ እርጅና ወይም በአሽከርካሪው እጅ ይመካኛል። እነዚህ ምክንያቶች እውነትነት አላቸው። ይሁን እንጂ በወለጋ ደጋማ ከተሞች ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም የቦታው ከፍታ ነው። ይህ ጽሑፍ ከፍታ በረጅም ጉዞና በዕለት ተዕለት አገልግሎት ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ በስሌት ይመረምራል፤ ተጽዕኖው በሁለቱ ላይ ተቃራኒ መሆኑንም ያሳያል።

ጉዳዩ የኪስ ጉዳይም ነው። በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በሰኔ 2014 ዓ.ም መጨረሻ በተደረገው ማሻሻያ 47.83 ብር ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም መጨረሻ 101.47 ብር ደርሷል። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ በመሆኗ የማጓጓዣው ወጪ በዚህ ላይ ይጨመራል። በክፍያ ሰው አፈናጦ ለሚያመላልስ ወጣት፣ ወደ ገጠር ቀበሌ ለሚወጣ የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ሠራተኛ የአሥር በመቶ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የካርቡራተሩ ጠባይ

በአካባቢው በብዛት የሚታዩት ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ ባለ አራት ምት ሞተሮች ናቸው፤ ቦክሰርና አፓቼ ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። (ቦክሰርን የሚሠራው ኩባንያ ስም ባጃጅ ቢሆንም ያ ስም በኢትዮጵያ ለባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ስለተሰጠ፣ ሞተር ሳይክሉ በሞዴሉ ስም ብቻ ይጠራል።) አብዛኞቹ ቤንዚንና አየርን የሚያደባልቁት በካርቡራተር ነው።

ካርቡራተር አየርን አይመዝንም። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ የሚፈጠረው የግፊት መቀነስ ቤንዚኑን በጄቱ ቀዳዳ በኩል ይስበዋል። የአየሩ እፍጋት ሲቀንስ ወደ ሲሊንደር የሚገባው የአየር መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቤንዚኑ ግን የሚቀንሰው በእፍጋቱ ካሬ ሥር ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ድብልቁ ቤንዚን እየበዛበት ይሄዳል።

ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,080 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ 79 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ ይህም በባሕር ጠለል ካለው 78 በመቶ መሆኑ ነው። ሙቀቱ እኩል ሆኖ ቢወሰድ፣ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር በነቀምቴ 13 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። በዴዴሳ ሸለቆ፣ በ1,250 ሜትር ገደማ፣ ትርፉ ወደ 8 በመቶ ዝቅ ይላል። ትርፉ ቤንዚን የሚቃጠልበት በቂ አየር ስለማያገኝ ከፊሉ በካርቦን ሞኖክሳይድ መልክ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ከፊሉ ደግሞ ካንዴላውን በጥላሸት ያጠቁራል። መካኒክ ካንዴላ ነቅሎ «ቤንዚን በዝቶበታል» ሲል ይህንኑ በዓይኑ ማየቱ ነው። ቤንዚንን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች ግፊቱን በሴንሰር ስለሚለኩ ከዚህ ችግር ነጻ ናቸው።

ረጅም ጉዞ

ከዚህ በመነሣት ነቀምቴ ላይ ሁሉም ጉዞ 13 በመቶ ይወደዳል ብሎ መደምደም ይቀላል፤ ግን ስሕተት ነው። ያው የሳሳ አየር የሞተር ሳይክሉን መንገድም ያቀልለታልና።

ከአሽከርካሪው፣ ከተፈናጣጩና ከጭነቱ ጋር 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ሳይክል በአስፋልት ላይ ይጓዝ እንበል። የጎማው የመንከባለል ተቃውሞ 49 ኒውተን ያህል ይሆናል። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ አሽከርካሪ ከነሞተሩ የአየር መቋቋሚያ ስፋቱ 0.6 ካሬ ሜትር ቢወሰድ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ በባሕር ጠለል የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ 178 ኒውተን ነው። በነቀምቴ ከፍታ 139 ብቻ ይሆናል። ጠቅላላው ተቃውሞ በ17 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። የካርቡራተሩ 13 በመቶ ትርፍ ሙሉ በሙሉ ባክኗል ተብሎ ቢቆጠር እንኳ፣ ጉዞው በባሕር ጠለል ከሚፈጀው 6 በመቶ ያህል ያነሰ ቤንዚን ይፈጃል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነትም ትርፉ ወደ 4 በመቶ ይወርድ እንጂ አይጠፋም።

የፍጥነት ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል አለው፤ ከዚህ ውስጥ ሩቡ፣ 8 ሜጋ ጁል፣ ወደ ጎማ ይደርሳል ተብሎ ቢታሰብ፣ በነቀምቴ ከፍታ 100 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ በ60 ፍጥነት 1.6 ሊትር፣ በ80 ፍጥነት 2.35 ሊትር ያስፈልጋል። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ልዩነቱ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው የ2017 ዓ.ም ዋጋ 250 ብር። በምላሹ የሚገኘው የአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ጊዜ ነው። ይህ ልውውጥ ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ለእያንዳንዱ ተጓዥ የሚተው ነው፤ ሆኖም በሁለቱ ፍጥነቶች መካከል ያለው የቤንዚን ልዩነት ወደ ግማሽ የሚጠጋ መሆኑን አውቆ የሚጋልብ ጥቂት ነው።

ሸለቆው

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው መንገድ ወደ ዴዴሳ ወንዝ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ከወንዙ እስከ ነቀምቴ ያለው 830 ሜትር ያህል አቀበት፣ ለዚያው 250 ኪሎ ግራም፣ ሁለት ሜጋ ጁል ወይም ሩብ ሊትር ቤንዚን ይጠይቃል። ሩብ ሊትር በራሱ ብዙ አይደለም። ትልቁ ጥያቄ በመውረድ ጊዜ ይህ ኃይል ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሞተሩን ተክቶ ሞተር ሳይክሉን ከገፋ ተመልሷል፤ በፍሬን ከተያዘ ግን ሙቀት ሆኖ ጠፍቷል። ስለዚህ በዴዴሳ ቁልቁለት ቤንዚን የሚቆጥበው ጠመዝማዛውን አስቀድሞ አይቶ ፍጥነቱን የሚያመጣጥን አሽከርካሪ ነው።

ማርሽ ፍሪ አድርጎ መውረድን እንደ ቁጠባ የሚቆጥሩ አሉ። ካርቡራተር ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድም ቤንዚን መሳቡን ስለማያቋርጥ ልማዱ ጨርሶ መሠረተ ቢስ አይደለም። ሆኖም አንድ አነስተኛ ሞተር በሚኒሞ የሚፈጀው በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.2 ሊትር ነው። በግማሽ ሰዓት ቁልቁለት የሚተርፈው ከአንድ ሁለት ሲኒ ቡና አይበልጥም። በአንጻሩ የሞተሩ መያዝ ስለሌለ ሸክሙ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ከኋላ ሰው ተፈናጦ ባለበት ይህ ለሁለት ሲኒ ሲባል የሚገባበት አደጋ አይደለም።

የሸለቆው ሌላ መዘዝ በልኬት ላይ ነው። ባኮ ከነቀምቴ በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ1,650 ሜትር ገደማ ትገኛለች። ከባኮ ወደ ነቀምቴ የሚወጣ ሰው ለከፍታው ልዩነት ብቻ 0.13 ሊትር ይከፍላል፤ የሚወርደው ቢበዛ ይህንኑ ያተርፋል። አንዱ መውጫውን፣ ሌላው መውረጃውን ለክተው በመንገዱ ላይ ቢጨቃጨቁ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ደርሶ መልስ ያልሆነ ልኬት በወለጋ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል።

የዕለት አገልግሎት

በከተማ ውስጥ ሚዛኑ ይገለበጣል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር ሳይክል የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ ትንሽ ስለሆነ የሳሳው አየር የሚያቀልለት ጠቅላላ ተቃውሞ 7 በመቶ ብቻ ነው። የካርቡራተሩ 13 በመቶ ግን አይቀንስም። በመሆኑም ጉዞው ከባሕር ጠለል ይልቅ ወደ 5 በመቶ ይወደዳል። ሞተሩ ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ደግሞ ምንም የሚካስ ነገር የለም፤ ትርፉ እንዳለ ይባክናል። በቀን 3 ሊትር የሚያቃጥልና አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛ በመጠበቅ፣ በመነሣትና በመቆም የሚያሳልፍ ሞተር ኪሳራው 10 በመቶ ቢሆን፣ በዚያው ዋጋ በቀን 30 ብር፣ በ26 የሥራ ቀናት 790 ብር ገደማ ያጣል።

መነሣትና መቆም ራሱ ብዙዎች የሚያስቡትን ያህል አይጎዳም። 250 ኪሎ ግራምን ከቆመበት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ማድረስ የሚጠይቀው ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በቀን መቶ ጊዜ ቢደጋገም ከሩብ ሊትር ያንሳል፣ ፍሪሲዮኑ የሚያባክነው ቢጨመርበትም። የጠዋቱ ቀዝቃዛ ሞተርም ይጎዳል። ቾክ ተስቦ የሚነሣ ሞተር ቀድሞውኑ ትርፍ ባለበት ድብልቅ ላይ ሌላ ትርፍ ይጨምርበታል፤ ቤቱ ከሥራ ቦታው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሰው ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይደርሳል። ክረምቱ በወለጋ ረጅም ነው፤ በጭቃና በጠጠር መንገድ የጎማው ተቃውሞ እጥፍ ሲሆን ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር 0.6 ሊትር ይጨምራል።

ጄቱን መቀነስ

መፍትሔው ግልጽ ይመስላል፤ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ዋና ጄት ቀዳዳው ጠበብ ባለ መለወጥና የሚኒሞውን ድብልቅ ማስተካከል። ጄቶች በቁጥር ደረጃ ስለሚሸጡ ሥራው ለማንኛውም መካኒክ አስቸጋሪ አይደለም። ነገር ግን ምን ያህል ይቀነስ የሚለው ባለቤቱ በሚሄድበት ቦታ ይወሰናል። ለነቀምቴ ሙሉ በሙሉ የተስተካከለ ሞተር ወደ ዴዴሳ ሲወርድ ቤንዚኑ በ5 በመቶ ያህል ያንሰዋል፤ ይህን ይችለዋል። በደምቢ ዶሎ በኩል ወደ ጋምቤላ ቆላ፣ 500 ሜትር ገደማ፣ ቢወርድ ግን ጉድለቱ 9 በመቶ ይሆናል። በሞቃት አየር ጭነት ይዞ ሲጋልብ ፒስተኑን ለከፍተኛ ሙቀት ያጋልጠዋል። ከከተማ ለማይወጣ ሞተር ሙሉ ማስተካከያ፣ ቆላና ደጋ ለሚመላለስ ደግሞ የግማሹ ያህል ማስተካከያ ተገቢ ይሆናል። ሻምቡን በመሰሉ ከነቀምቴ ይበልጥ ከፍ ባሉ ከተሞች ቅነሳው ይበረታል።

እዚህ ላይ አንድ የአካባቢው ጉዳይ ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ2001 ዓ.ም በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የጀመረው ኢታኖል የመጣው ከወለጋው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነበር። አሥር በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን ኃይሉ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሆኖም ኢታኖል ኦክስጅን ስላለው ድብልቁን 4 በመቶ ያህል ያሳሳዋል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ባለበት ደጋ ይህ ጉዳት ሳይሆን ከፊል እርማት ነው።

ልኬቱ

ከላይ ያሉት ቁጥሮች የስሌት ውጤቶች ናቸውና በመንገድ ላይ መፈተን አለባቸው። የተለመደው ዘዴ ታንከሩን ሞልቶ መሄድና እንደገና መሙላት ነው። ሞተር ሳይክሉ ትንሽ ዘንበል ቢል የሙሌቱ መጠን በ0.1 ሊትር ሊለያይ ይችላል፤ በሁለት ሊትር ጉዞ ይህ 5 በመቶ ስሕተት በመሆኑ እዚህ ከተገለጹት ልዩነቶች አንዳንዶቹን ይውጣቸዋል። ቤንዚኑ ከማደያ ሳይሆን በመንገድ ዳር በሃይላንድ ከተገዛ ነገሩ ይብሳል፤ ጠርሙሱ ሙሉ ሊትር ላይሆን፣ ላምባም ሊቀላቀልበት ይችላል። የተሻለው ዘዴ ታንከሩን ዘግቶ ሞተሩን ከተለየች ትንሽ ዕቃ ማስጠጣትና ዕቃዋን ከጉዞ በፊትና በኋላ በሚዛን መመዘን ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ግራም የሚለይ የኩሽና ሚዛን ስሕተቱን ከሁለት ሚሊ ሊትር በታች ያደርገዋል። በዚህ መንገድ አንድ ሞተር፣ በአንድ አሽከርካሪና በአንድ የጎማ ንፋስ፣ ከነቀምቴ ዴዴሳ ደርሶ መልስ በመጀመሪያው ጄትና በተቀነሰው ጄት ቢፈተን፣ ቀጥሎም በከተማ ውስጥ በተወሰነ ምልልስ ቢደገም፣ የረጅሙ ጉዞ ቁጥር ከከተማው ቁጥር ያነሰ ለውጥ ማሳየት አለማሳየቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታወቃል።