የትምህርት ዘመኑን ከመመለሻው ሰዓት ጀምሩት

ነሐሴ ሲጋመስ የአዲስ አበባ ወላጅ ሐሳብ ሁሉ ደብተር፣ ዩኒፎርምና ቦርሳ ላይ ይወድቃል። መርካቶ ይወጣል፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ልጅ ያስለካል፣ ባንክ ተሰልፎ የመመዝገቢያ ይከፍላል። ይህ ሁሉ መደረግ ያለበት ነው፤ ቢጓደል ግን ጣጣው ትንሽ ነው። ደብተር ያልተሟላለት ልጅ በሳምንቱ ይሟላለታል። እናትም አባትም ሥራ የሚውሉበት፣ ሁለት ሦስት ተማሪ ያለበት ቤት መስከረምና ጥቅምትን ሲታመስ የሚከርመው በሌላ ምክንያት ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ በር ከወጡበት ደቂቃ አንሥቶ ወላጅ እቤት እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ኃላፊ የለውም። ስለዚህ ዕቅዳችሁን ከጠዋቱ ሳይሆን ከመመለሻው ጀምሩ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ይደርሳል።

ለምን ከዚያ እንደሚጀመር ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል፤ ብዙው የግል ድርጅትም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ተማሪ ግን እንደየትምህርት ቤቱ 9፡00 ወይም 9፡30 ገደማ ይለቀቃል፣ የመዋዕለ ሕፃናት ልጅማ ከዚያም ሊቀድም ይችላል። በመሀል ሁለት ሰዓት አለ፤ የታክሲ ሰልፉና የመንገዱ መጨናነቅ ሲጨመርበት ወደ ሦስት ይጠጋል። በአምስት ቀን ሲባዛ በሳምንት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰዓት ይሆናል። ጠዋት የቱንም ያህል ጥድፊያ ቢኖር ሁሉም ሰው ቤት ውስጥ ነው፤ አንዱ የዘነጋውን ሌላው ያስታውሳል። ከሰዓት በኋላ ግን ቤተሰቡ በከተማው ተበትኗል፣ ስህተት ቢፈጠር ደርሶ የሚያርም የለም። ብዙ ወላጅ ግን ጉልበቱን የሚያፈሰው ጠዋቱን በማሳመር ላይ ነው፤ የሰዓት ደወል ያስቀድማል፣ ቁርስ ያቀላጥፋል፣ ማታ ደግሞ ልጁን ጎረቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል።

እንግዲህ ጳጉሜን አንድ ምሽት ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት አንሡ። ወደ ጎን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ወደ ታች የእያንዳንዱን ልጅ ስም ጻፉ። በየሳጥኑ ሦስት ነገር ብቻ ይግባ፦ በስንት ሰዓት ይለቀቃል፣ በምን ይመጣል፣ ማን ይቀበለዋል። ሦስተኛው ላይ «እናያለን» ወይም «ሰው አይጠፋም» ተብሎ አይጻፍ፤ የሰው ስም ካልገባበት ሳጥኑ ባዶ ነው። የስልክ ካላንደር ለምን አይበቃም የሚል ይኖራል። እኔ የምመርጠው ማቀዝቀዣው ላይ ወይም በሩ ጀርባ የሚለጠፍ ወረቀት ነው፤ ልጁን የሚቀበሉት አያት፣ የቤት ሠራተኛዋና ልጁ ራሱ የእናንተን ስልክ ከፍተው አያዩም። ሰዓቱንም ሁሉ በሀገራችን አቆጣጠር ጻፉት። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች፣ በተለይ የውጭ ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉት፣ መርሐ ግብራቸውን በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ያወጣሉ። ወረቀቱ ላይ 3፡00 ተብሎ ከተገለበጠ መምህሩ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ማለቱ ነው፣ አያት ግን ከጠዋቱ ሦስት ብለው ነው የሚያነቡት። ተሳስቶ የሚያነበው ሰው ደግሞ ልጁን ሊወስድ የሚሄደው ሰው ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ ርክክብ። እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ ሌላውን ነገር ሁሉ አሳምራችሁ ይህን ካበላሻችሁ ምንም አልሠራችሁም። ርክክብ ማለት አንድ ሰው ልጁን ከሌላ ሰው እጅ ተቀብሎ መቀበሉን ለወላጅ ማሳወቁ ነው። አስረካቢው፣ ተረካቢውና መልእክቱ ሦስቱም መኖር አለባቸው። አንዱ ሲጎድል የሚሆነው ይታወቃል። ሾፌሩ «ሰፈር አድርሻለሁ» ይላል፣ እውነቱን ነው። ቤት ያለችው «ሱቅ ደርሼ መጣሁ» ትላለች፣ እሷም እውነቷን ነው። ወላጅ ስብሰባ ላይ ነውና ስልኩን ድምፅ አጥፍቶታል። ማንም አላጠፋም፣ ልጁ ግን ቦርሳውን አዝሎ አስፋልት ዳር ቆሟል። ስለዚህ ከተቀባዩ ጋር የምትስማሙት በአንድ ቃል የሚያልቅ መልእክት ይሁን፤ «ገባ» ወይም «ገባች»። የስልክ ካርድ የሚሞሉት እናንተ ናችሁ። የተባለው ሰዓት ካለፈ ከሩብ ሰዓት በኋላ መልእክቱ ካልመጣ ማን እንደሚደውል፣ ለማን እንደሚደውል ከወዲሁ ይወሰን። «አንቺ ደውለሽ መስሎኝ» የሚባለው ይህ ሳይወሰን ሲቀር ነው።

ሰርቪስ የምትጠቀሙ ከሆነ በዋጋው ብቻ አትምረጡት። ሾፌሩን ወይም አስተባባሪውን ፊት ለፊት ጠይቁ፦ ልጄ ሲመለስ ስንተኛ ወራጅ ነው? የሚወርደው በራችን ላይ ነው ወይስ አስፋልቱ ላይ? ረዳት አለ? መኪናው ቢበላሽ ለወላጅ የሚደውለው ማን ነው? ከሁሉም ሩቅ የሚኖር ልጅ ጠዋት መጀመሪያ ተነሥቶ ማታ መጨረሻ የሚወርድ ነውና፣ በወር ትንሽ ብር ጨምሮ አጭር መስመር የሚሄደውን መያዝ የሚቻል ከሆነ ቁርጥ አድርጋችሁ ጨምሩ፤ የምትገዙት የልጁን እንቅልፍ ነው። ከዚህ የሚብስ አንድ ወጥመድም አለ። ሰርቪስ የሚነሣው ትምህርት እንዳለቀ ነው፤ ክበብ ያለውን፣ ለማጠናከሪያ ትምህርት የቀረውን ልጅ ቆሞ አይጠብቅም። ልጃችሁን ለድራማ ወይም ለሳይንስ ክበብ ስታስመዘግቡ በዚያ ቀን የመመለሻ መኪናውን አብራችሁ እያስቀራችሁ መሆኑን እወቁ። የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ይህ አይጻፍም፤ ወላጅ የሚያውቀው የመጀመሪያው የክበብ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

ግማሽ ቀን የሚለቀቅባቸው ቀኖችም አሉ፤ ትምህርት የሚጀመርበት ሰሞን፣ የፈተና ሳምንት፣ የመምህራን ስብሰባ። ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ በቴሌግራም ግሩፕ፣ አለዚያም በልጁ ኮሙኒኬሽን ቡክ፣ ከዋዜማው ማታ ይመጣል። እናትም አባትም ግሩፑ ውስጥ ይግቡ፤ ቀድሞ ያነበበው ሄዶ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። «አይቼው ነበር» ማለት ለማንም አይጠቅምም። ተጠባባቂ ተቀባይም ይኑራችሁ፤ ጎረቤት ቢሆን ይመረጣል። ችግር ሲደርስ በስልክ ከመለመን ቀድማችሁ ቡና ጠጡና በግልጽ ጠይቁ፣ በምላሹ ምን እንደምታደርጉም ተናገሩ፤ ቅዳሜ የጎረቤታችሁን ልጆች እናንተ ብትይዙ ጥያቄው ሸክም መሆኑ ይቀራል። የተቀባዮቹን ስም ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ስጡ፣ ስልክ ቁጥራቸውንም ጨምሩ፤ የጥበቃ ሠራተኛው የማያውቀውን ሰው ቢመልስ ሥራውን ነው የሠራው። በመጨረሻም ትምህርት ሳይከፈት አንድ ቀን ልጁን ይዛችሁ ከሰርቪሱ መውረጃ እስከ ቤት በእግር ሂዱ። እንደ ባሕረ ሐሳቡ ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊጥል ይችላል። ዝናብ ከያዘው የሚጠለልበት ሱቅ የትኛው እንደሆነ ባለሱቁ ፊት አሳዩት።

«እኛ ሠራተኛ አለችን፤ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ወላጅ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በብዙ ቤት ከሰዓት በኋላውን ተሸክማ ያለችው እሷ ናት። ዕቅዱ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ሲቆም ግን ያ ሰው በሌለበት ቀን ዕቅድ የለም። ያ ቀን መቼ እንደሚመጣም ይታወቃል። ከጉራጌና ከሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ለመጡ ብዙ ሰዎች መስቀል ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቅ የመሰባሰቢያ በዓል ነው፤ ወደ ሀገር ቤት ይገባሉ። መስቀል መስከረም 17 ነው፣ ትምህርትም ገና ያልተለመደው በዚያው ሰሞን ነው። ሠራተኛዋ ቤተሰቧን ልትጠይቅ መሄዷ መብቷ ነው፤ ሄደች ብሎ መናደድ ለማንም አይበጅም። በጳጉሜን ተቀመጡና የምትሄድበትንና የምትመለስበትን ቀን ተስማሙ፣ ለእነዚያ ቀናት ሳጥኖቹ ውስጥ ሌላ ስም አስገቡ። አባት ወይም እናት የዓመት ፈቃዳቸውን ሁለት ሦስት ቀን የሚቆርሱት በበዓሉ ዕለት ሳይሆን ከበዓሉ በኋላ ባሉት የትምህርት ቀናት ይሁን። የደመራ ዕለት ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስዱ መንገዶች እንደሚዘጉ፣ ከመስቀል ቀጥሎ ባሉት ቅዳሜዎች በአንዱ ደግሞ የኢሬቻ በዓል በከተማው እንደሚከበርና መንገድ እንደሚዘጋ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉ።

ሌላው ተቃውሞ ኑሮ በወረቀት አይመራም የሚል ነው። የታክሲ ሰልፍ፣ መብራት መጥፋት፣ የአለቃ ድንገተኛ ስብሰባ፣ ለቅሶ፤ ይህን ማን አስቀድሞ ይጽፈዋል? ማንም። የወረቀቱ ጥቅም ያልታሰበ ነገር ሲመጣ የቱ ሳጥን እንደተነካ ወዲያው ማሳየቱ ነው። ወረቀት በሌለበት ቤት ለቅሶ ሲመጣ እናት ሁሉንም ከራሷ አውጥታ በስልክ ስታስረዳ ትውላለች፤ ልጁ ረቡዕ የሚለቀቅበት ሰዓት፣ የአስጠኚው ስልክ፣ የሾፌሩ ስም ሁሉ እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ወረቀቱ ሲኖር አባት ሳይጠይቅ ይነሣል። «ይህ የሴት ጉዳይ ነው» ለሚል ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ እሷ ብትታመም የልጁን መለቀቂያ ሰዓት የማያውቅ አባት ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣው አይችልም።

ርክክቡ ከተያዘ በኋላ ብቻ ወደ ተጨማሪው እንቅስቃሴ እለፉ። የሰፈር እግር ኳስ ፕሮጀክት፣ ቴኳንዶ፣ ዋና፣ ሙዚቃ፣ አስጠኚ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ቁርአን ቤት፤ ሁሉም ለልጅ ይጠቅማሉ፣ ለዚህም ነው መምረጥ የሚከብደው። እኔ የምለው፣ ከሰኞ እስከ ዐርብ ለአንድ ልጅ አንድ፣ ቅዳሜና እሑድ ሌላ አንድ ይበቃዋል። የሥራ ቀኑ በእግር የሚደረስበት ይሁን። አሠልጣኙ የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን፣ በሁለት ታክሲ የሚደረስበት ቦታ ከሆነ ለሥራ ቀን አይሆንም። «ልጅ ሥራ ከፈታ ስልክ ላይ ይውላል፣ ስለዚህ ጊዜውን መሙላት ይሻላል» ይባላል። ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን 12፡00 ሰዓት ጠዋት የተነሣ የአሥር ዓመት ልጅ ከምሽቱ 1፡00 ላይ ከልምምድ ሲመለስ የቤት ሥራው ይጠብቀዋል፣ መተኛው ያልፋል፣ በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ያዛጋል። ዘንድሮ ስድስተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ሆኖ ለክልላዊ ፈተና የሚቀመጥ ልጅ ካላችሁ የእሱ ሳጥን ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞላ፤ ታናናሾቹ በእሱ ዙሪያ ይስተካከላሉ።

የቀረው ቀላል ነው። ቦርሳ ማታ ይዘጋጅ፤ ዩኒፎርም ሁለት ሁለት ይሁን፣ በመስከረም ዝናብ በአንድ ሌሊት አይደርቅምና። ምሳ ዕቃ ስትገዙ ልጁ ራሱ ከፍቶ መክደን መቻሉን ሱቁ ውስጥ አረጋግጡ፤ ክዳኑ የጠነከረበት ትንሽ ልጅ ምሳውን ሳይነካ ይመልሰዋል። የሚጾም ልጅ ካላችሁ ረቡዕና ዐርብ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም አለና የሚቋጠረውን አስቀድማችሁ አስቡ። ገንዘብን በተመለከተ የክፍያው፣ የእንቁጣጣሹና የመስቀሉ ወጪ በአንድ ወር ውስጥ ስለሚደራረብ፣ ዕቁብ ያላችሁ ዕጣችሁ ወደ ነሐሴ መጨረሻ እንዲመጣ ከወዲሁ ከአባላቱ ጋር ተነጋገሩ፤ የሚለዋወጣችሁ አይጠፋም።

ወረቀቱ ግን መስከረም ላይ እንደተጻፈ አይክረም። የጥቅምት የመጨረሻው ሳምንት ላይ አውርዱና ልጆቹ ባሉበት እንደገና እዩት። በዚያ ጊዜ ፀሐይ 12፡00 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከመስከረም መባቻ ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይመሻል፣ ብርዱም ገብቷል። በመስከረም በብርሃን ያልቅ የነበረው ልምምድ አሁን በጨለማ የሚያልቅ ከሆነ፣ ሰዓቱን ይስብ እንደሆን አሠልጣኙን ጠይቁ፤ ካልሳበ ወደ ቅዳሜ አዛውሩት። ሁለት ሳምንት በተከታታይ የቀረበት እንቅስቃሴ ካለ ልጁን ለምን እንደሆነ ጠይቁትና ወይ አስተካክሉት ወይ አውጡት፤ የኅዳር ክፍያ ከመከፈሉ በፊት ለአሠልጣኙ መንገር ይቅደም።