ሙቀትን የሚቋቋሙ አበቦች በቃሊቲ፦ ከዘር እስከ ፍካት

ከእንጦጦ ጋራ አናት ተነሥተን አዲስ አበባን አቋርጠን እስከ አቃቂ ቃሊቲ ብንወርድ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር አካባቢ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ እንላለን። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ሳለን 6 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ሊገጥመን ይችላል። ስለዚህ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀዝቃዛ አየር የሚስማማቸው አበቦች በቃሊቲ ጓሮ ጠዋት ቀጥ ብለው ቆመው ቀትር ላይ ቢጠወልጉ አያስደንቅም።

በአንድ የዕድገት ወቅት በቅለው፣ አብበውና ዘር ጥለው የሚሞቱትን ዕፅዋት ዓመታዊ እንላቸዋለን። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሙቀቱን የሚችሉት በምን ጥበብ ነው? ከዘር ስናበቅላቸውስ ብዙዎቹ ገና ሳይታዩ የሚጠፉብን ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች አያይዘን እንመለከታለን።

ሙቀትን የማሸነፊያ ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መሸሽ ነው። የዚህ ምሳሌ የራሳችን አደይ አበባ ነው። በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፤ በመስከረም ያብባል፤ ምድሩ ሲደርቅ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። ደረቁን ወቅት የሚያሳልፈው በዘርነት አፈር ውስጥ ተኝቶ ነው።

ሁለተኛው ራስን ማቀዝቀዝ ነው። መገኛቸው ሜክሲኮና አጎራባቿ የሆኑት ዚኒያና ታጌቴስ ሥራቸው ውኃ እስካገኘ ድረስ፣ ስቶማታ በተባሉት ጥቃቅን የቅጠል ቀዳዳዎች በኩል ውኃ ያተናሉ። የሚተነው ውኃ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ቅጠሉ ይቀዘቅዛል። ላብ ሰውነታችንን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ሕግ ነው።

ሦስተኛው የብርሃን አስተጻምሮን ስልት ማሻሻል ነው። ሩቢስኮ የተባለው ኤንዛይም ሥራው ካርቦን ዳይኦክሳይድን መያዝ ቢሆንም፣ አንዳንድ ጊዜ ተሳስቶ ኦክስጅንን ይይዛል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ስሕተቱም ይጨምራል፤ ተክሉም ያመረተውን ያባክናል። ሲ-4 የሚባሉት ዕፅዋት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስቀድመው በሌላ ኤንዛይም ይዘው፣ ሩቢስኮ ባለበት ክፍል ያከማቹለታል። ሃችና ስላክ የተባሉ ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ ይህን መንገድ በ1966 እ.ኤ.አ. በሸንኮራ አገዳ ላይ አብራርተዋል። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ የዚህ ወገን ናቸው፤ ከአበቦች ደግሞ ፖርቱላካና ጎምፍሬና ይገኙበታል። እንዲያውም በ2022 እ.ኤ.አ. የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአበባዋ ፖርቱላካ ዘመድ በሆነች አንዲት ተክል፣ ይህ መንገድና የበረሃ ተክሎች በሌሊት አየር የሚሰበስቡበት ስልት በአንድ ሕዋስ ውስጥ ተጣምረው እንደሚሠሩ አሳይተዋል።

ዋናው ፈተና፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ልብ እንበል፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ችሎታዎች ቅጠልና ሥር ያበጀ ተክል ችሎታዎች ናቸው። ውኃ ጠጥቶ ገና የነቃ ዘር ግን ሥሩ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ የአፈሩ ገጽ ለአንድ ቀትር ቢደርቅ ይሞታል። ብዙ ሰው «ዘሩ መጥፎ ነው» የሚለው እዚህ ላይ ነው።

በአቃቂ ሜዳ በብዛት የሚገኘው ዋልካ ወይም መረሬ አፈር ደግሞ ፈተናውን ያከብደዋል። በውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በዚህ ምክንያት በበጋ እየተሰነጠቀ ለጋ ሥር ይበጥሳል፤ በክረምት ውኃ እያቆረ ሥርን አየር ያሳጣል። ጥቁር ቀለሙም የፀሐይን ጨረር ስለሚውጥ፣ ገጹ በቀትር ከአየሩ ይበልጥ ይግላል።

አዘራሩ እንዴት ይሁን?

አንደኛ፣ ጊዜውን እንምረጥ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ለእነዚህ አበቦች ይቀዘቅዛሉ። ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ብንዘራ፣ ዚኒያ ከሁለት ወር በኋላ፣ ከክረምቱ በፊት ለማበብ ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ ከሥሩ በተበሳ ጣሳ ወይም ሣጥን ውስጥ የተነፋ አፈር፣ አሸዋና የበሰለ ብስባሽ እኩል ቀላቅለን እንዝራ። ዚኒያና ታጌቴስ ከግማሽ ሴንቲሜትር ጥቂት የሚበልጥ አፈር ይለብሳሉ፤ ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ሙቀት በአንድ ሳምንት ገደማ ይበቅላሉ። የፖርቱላካ ዘር ግን እጅግ ደቃቅና ብርሃን ፈላጊ ስለሆነ በገጹ ላይ በትነን ጫን ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ጥላ እናድርግ፤ ውኃውንም እንደ ካፊያ በቀስታ እንርጭ። አፈሩ እርጥብ እንጂ ጭቃ መሆን የለበትም። ውኃ ሲበዛ ቡቃያን ከግንዱ ሥር የሚያበሰብሱ ሻጋታ መሰል ተሕዋስያን ይራባሉ።

አራተኛ፣ ችግኙ አራት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ ለሳምንት ያህል ፀሐይን ቀስ በቀስ አለማምደን፣ በምሽት ከፍ ወዳለ መደብ እናዛውረው። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ዋልካውን በእጅ እያነሡ መደብና ቦይ የሚያበጁት ውኃው እንዲንጣፈፍ ነው፤ ለአበባም ያው ብልኀት ይሠራል። በችግኙ ዙሪያ ገለባ መጎዝጎዝም ገጹን ከግለትና ከመሰንጠቅ ይጠብቃል።

ለተማሪዎች የሚሆን ሙከራ

ከመዝራታችን በፊት 20 ዘሮችን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ለአንድ ሳምንት እናቆይ። 16ቱ ቢበቅሉ የብቅለት መጠኑ 80 ከመቶ ነው፤ ስለዚህ 40 ችግኝ ለማግኘት ቢያንስ 50 ዘር እንዘራለን። ቀጥለን ሁለት ጣሳዎችን አንዱን በገለባ ሸፍነን፣ ሌላውን ባዶውን ትተን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በ2 ሴንቲሜትር ጥልቀት ሙቀታቸውን እንለካ። በየቀኑ የተመዘገበው ቁጥር፣ የትኛው ጣሳ ዘሩን እንዳተረፈና ስለ ምን እንዳተረፈ ይነግረናል።

በመጨረሻም ዘር ስናስቀምጥ አንድ ነገር አንርሳ። በፓኬት ከሚሸጡት ዘሮች አንዳንዶቹ የመጀመሪያ ትውልድ ድቅሎች ስለሆኑ ልጆቻቸው እናታቸውን ላይመስሉ ይችላሉ። ድቅል ካልሆኑት ግን በየዓመቱ በቃሊቲው ሙቀት ጸንተው በደንብ ካበቡት ዘር እየለቀምን ብንዘራ፣ ገበሬው ጤፉን ሲመርጥ የኖረበትን ሥራ እኛም በጓሯችን ጀመርን ማለት ነው። ሙቀትን የሚቋቋም አበባ ሙቀትን መቋቋም የሚጀምረው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚቋቋምለት አብቃዩ ነው።