«40 ሺህ ብር» ኪስ ሲገባ ስንት ነው?

የኮምፒዩተር ባለሙያ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ የሚጠብቁት ፈተናዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሙያ፣ ሌላው የዋጋ። በመጀመሪያው ያለፉ ብዙዎች በሁለተኛው ይረታሉ።

«ስንት ይፈልጋሉ?» ሲባሉ ቁጥር ለመጥራት አይቸኩሉ። አስቀድመው ስለ ሥራው ይጠይቁ። ሲስተሙ በሌሊት ቢቆም የሚጠራው ማነው? የትርፍ ሰዓትስ ይታሰባል? ገበያተኛ ዋጋ የሚቆርጠው ዕቃውን አገላብጦ ካየ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የተጠራው ደመወዝ ያልተጣራው ይሁን እጅ የሚገባው ያረጋግጡ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት፣ ያለ አበል በወር ብር 40,000 የሚከፈለው ሠራተኛ ብር 11,950 ግብር ይቆረጥበታል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው ብር 2,800 ነው። ስለዚህ እጁ የሚገባው ብር 25,250 ይሆናል። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ጡረታ ስለሚያዋጣ ወጪው ብር 44,400 ይደርሳል። ሁለቱ ወገኖች ስለ አንድ ደመወዝ ሲነጋገሩ በየልባቸው የያዙት ሒሳብ ይህን ያህል ይራራቃል።

ለጭማሪ ሲከራከሩም ይህንኑ ያስቡ። ከብር 14,000 በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ግብር ስላለበት፣ የብር 5,000 ጭማሪ ከጡረታም በኋላ ብር 2,900 ብቻ ነው።

«ከሙከራ በኋላ እንጨምራለን» ከተባሉ መጠኑና ቀኑ በውሉ ላይ ይስፈር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።