ከጉዳት በኋላ ወደ ቢስክሌት መመለስ

ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ «ከ» እና «ቢ» በመነሻቸው የገቡባቸውን ግሦች በደብተራችሁ መዝግቡ፤ ከምንባቡ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

አዳማ ለቢስክሌት የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለ ተቀመጠች አውራ መንገዶቿ በአመዛኙ ሜዳማ ናቸው። በስተደቡብ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ወደ ታወቀችው ወንጂ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ ከሞጆ ተነሥቶ በመቂና ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚዘልቀውም ለብዙ ኪሎ ሜትር ዳገት አይበዛበትም።

ነገር ግን መንገዱ ሜዳ ነው ማለት ድካም የለውም ማለት አይደለም። በበጋ ወራት አዳማን የሚመታው ነፋስ ብርቱ ነው። ከከተማይቱ አጠገብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የተተከለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህንኑ ነፋስ ተማምኖ ነው። ማርሽ በሌለው ከባድ የብረት ቢስክሌት ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ የሚነዳ ሰው ዳገት ከሚወጣ ሰው አይለይም። ጤነኛ ሰው ይህን በየቀኑ ስለሚያየው ያውቀዋል። እግሩ ተሰብሮ ወይም በሌላ ሕመም ወራት ተኝቶ የተነሣ ሰው ግን ይዘነጋዋል፤ የሚያስታውሰው የቀድሞውን ብርታቱን ነውና።

በሰውነት ውስጥ ሁሉም ክፍል በእኩል ፍጥነት አያገግምም። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ይመለሳል። በጀሶ ታስሮ የከረመ ጡንቻ ከስቶ ስለሚወጣ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። አጥንትና ጅማት ደግሞ ከሁሉም ይዘገያሉ። የጎልማሳ ሰው የቅልጥም አጥንት ለመግጠም ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። አደጋው የሚመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ ትንፋሹ የተመለሰለት ሰው ፈጽሞ የዳነ ይመስለዋል። በአማርኛ «ጉልበት» የሚለው ቃል ኃይልንም መገጣጠሚያውንም ይጠራል፤ ከስብራት በኋላ ግን ሁለቱ ጉልበቶች አብረው አይመለሱም።

ችኩል ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው አበበ ቢቂላን ነው። በርግጥም አበበ በመስከረም 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸንፏል። ይሁን እንጂ ቁስሉ በሆዱ ላይ እንጂ በእግሩ ላይ አልነበረም፤ ከሕመሙም በፊት የብዙ ዓመት ልምምድ ነበረው። ስለዚህ የእርሱ አምስት ሳምንት ለተሰበረ ቅልጥም መለኪያ ሊሆን አይችልም። ይኸው ጀግና በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ በሆኑ ጊዜ በእጆቹ ቀስት አነሣ፤ በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ዒላማ ተወዳደረ። ይህ ሁለተኛው ታሪክ ከፊተኛው ያነሰ ይነገራል፤ ከጉዳት ለሚነሣ ሰው ግን የበለጠ የሚጠቅመው ይኸኛው ይመስለናል።

ቢስክሌት ከሩጫ ይልቅ ለተጎዳ እግር የሚቀልበት ምክንያት የሰውነትን ክብደት ኮርቻው ስለሚሸከመው ነው። ቢሆንም ወደ ኮርቻው ከመመለስ በፊት ጉዳቱ ምን እንደ ሆነ በሐኪም መታወቅ አለበት። ወለምታ ነው ተብሎ ሲታሽ የከረመ እግር ስብራት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስብራት በቀርከሃ አጥብቆ ከታሰረም የደም መተላለፊያው ተዘግቶ እግርን እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሌላም ነገር አለ። በብዙ ስፍራ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ይህም ጥርስን ከማበለዙ በላይ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንትን ይጎዳል፤ በወንጂ ለረጅም ዘመን በኖሩ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ አንገትንና ጀርባን እንዳደረቀ በሕክምና ጥናት ታውቋል። እንዲህ ያለውን ድርቀት የድሮ ወለምታ ነው ብሎ ማሳሸት ጊዜ ማባከን ነው። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም እንዲሁ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ እየነዳ ሳለ ደረቱን ከወጋው ወይም ካዞረው ወዲያው ይውረድ።

ፈቃድ ያገኘ ሰው በመጀመሪያ ኮርቻውን ይለካል። ተረከዙ ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግሩ መዘርጋት አለበት፤ ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበቱን ያስጨንቀዋል። ከዚያም ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በማለዳ፣ በሜዳ መንገድ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ይነዳል። ሲሄድ ነፋሱን በፊቱ፣ ሲመለስ በጀርባው ቢያደርገው ይመረጣል፤ በደከመው ሰዓት ነፋሱ ይገፋዋልና። ማግስቱን ያርፋል። ጧት ሲነሣ ጉልበቱ ካላበጠ በሚቀጥለው ጊዜ አምስት ደቂቃ ይጨምራል። ቢያብጥ ግን ወደ ቀድሞው ልክ ይመለሳል። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው 75 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያስወጣ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ወራት ጉዳይ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት ይህን ዳገት ጀምሮ እንደገና የተኛ ሰው ቢኖር፣ «ባይቸኩል ኖሮ ዳግመኛ ባልተኛ ነበር» ይባላል።

ሰዋስው

ሁኔታን የሚያመለክቱ ዐረፍተ ነገሮች በሦስት መንገድ ይነገራሉ። «ካላበጠ ይጨምራል» በሚለው ውስጥ «ከ» የገባው በኃላፊ አንቀጽ ላይ ነው፤ ፍቺው ግን ገና ስለሚመጣ ነገር ነው። «ቢያብጥ ይመለሳል» በሚለው ውስጥ «ብ» በትንቢት አንቀጽ «ያብጥ» ላይ ገብቷል፤ ተናጋሪው ነገሩን ምናልባት አድርጎ ያየዋል። «ባይቸኩል ኖሮ ባልተኛ ነበር» የሚለው ግን ያለፈና ሊመለስ የማይችል ነገር ነው፤ ሰውየው ቸኩሏል፣ ተኝቷልም። ብዙ ተማሪዎች «ኖሮ»ን ጽፈው በማሰሪያው ላይ «ነበር»ን ይረሳሉ።

መልመጃ

1. «ዛሬ ካረፈ ነገ ይነዳል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በ«ቢ» ለውጡ፤ ቀጥሎም በ«ኖሮ … ነበር» ጻፉት። የትርጕሙን ልዩነት በቃል አስረዱ።

2. «ጉልበት» የሚለውን ቃል በሁለቱም ፍቺው እያስገባችሁ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

3. በመቂ የሚኖሩት አጎታችሁ እግራቸው ከጀሶ ወጥቶ በሳምንቱ በቢስክሌት ወደ ሥራ ሊሄዱ አስበዋል። «እርስዎ» እያላችሁ አንድ ገጽ የሚሆን ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ ቢያንስ አራት የሁኔታ ዐረፍተ ነገሮች ይኑሩበት።