በቤት የተለመደ ጸሎት በስደት አይጠፋም

የሚነበበው ክፍል፦ ዳንኤል 6፥1–10፤ ዘዳግም 6፥4–9

በየዓመቱ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ብዙ ጎልማሶች ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ ቆላ ይወርዳሉ። አንዱ ወደ መተማ፣ አንዱ ወደ ሑመራ፣ ሌላውም ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ ይሄዳል። በክረምት ሰሊጥ ያርማሉ፤ በመከር ያጭዳሉ። በአትባራና በሰቲት ወንዞች አጠገብ የተዘረጋው የፋሽጋ ጥቁር አፈርም ሰሊጥና ማሽላ በብዛት ስለሚሰጥ የሁለቱን አገር ሰዎች ሲስብ ኖሯል።

ከእነዚህ መንገደኞች መካከል የማኅበራችን ልጆች ይገኛሉ። እሑድ እሑድ በመካከላችን ይዘምር የነበረው ወጣት በዚያ ዐብሮት የሚዘምር አያገኝም። ሰሊጥም ሰውን አይጠብቅም፤ ደርሶ ሳለ ካልታጨደ ፍሬውን የያዘው ሽፋን ተሰንጥቆ ዘሩ በመሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በአጨዳ ወራት እሑድና ሰኞ አይለዩም። ወጣቱ በልቡ፣ «ይህ ሥራ እስኪያልቅ ጸሎቱን ልተወው፤ አገሬ ስገባ እጀምራለሁ» ይላል። ከተመለሰም በኋላ ብዙ ጊዜ አይጀምርም።

የሚወጣውም ሥራ ፈላጊው ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ወደ ሱዳን ተሰደው በገዳሪፍ አገር በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ። ኡም ራኩባ አስቀድሞ በ1977 ዓ.ም. የረኃብ ዘመንም የኢትዮጵያን ስደተኞች ተቀብላ ነበር። በዚያው በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ሠራዊት ፋሽጋን ሲይዝ በዚያ ያርሱ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ማሳቸውን ለቀው ወጡ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ እኛ ሸሹ። እንግዲህ ማን መቼ ከቤቱ እንደሚወጣ አናውቅም። በድንገት የሚወጣ ሰው ይዞት የሚሄደው ምንድር ነው? በእጁ ያለውንና በልቡ የለመደውን ብቻ ነው።

ስለ ዳንኤል የተጻፈውን እንመልከት። ዳንኤል የተማረከ ሰው ነበር፤ ኢየሩሳሌምም ሩቅ ነበረች። ከንጉሡ በቀር ወደ ማንም እንዳይጸለይ ትእዛዝ በወጣ ጊዜ ወደ ቤቱ ገብቶ፣ ወደ ኢየሩሳሌም በሚያሳየው መስኮት አጠገብ በቀን ሦስት ጊዜ ተንበረከከ። መጽሐፍ ግን አንድ ነገር ይጨምርልናል፤ ይህን ያደረገው ከዚያ በፊት ልማዱ ስለ ነበረ ነው። ጸሎትን የአንበሶች ጕድጓድ በታየው ቀን አልጀመረም። ትእዛዙም የሚጸናው 30 ቀን ብቻ እንደ ነበረ ልብ እንበል። ዳንኤል፣ «አንድ ወር ልታገሥና ከዚያ በኋላ እጸልያለሁ» ሊል ይችል ነበር። አንድ የአጨዳ ወርም እንደዚሁ 30 ቀን ነው። ፈተናው ትልቅ መስሎ አይመጣም፤ «ለጥቂት ጊዜ ብቻ» ብሎ ይመጣል።

በገዛ አገራችንም ምስክር አለን። በመተማ መንገድ ላይ ባለችው በደንብያ፣ በቤተ እስራኤል መካከል ወንጌልን የተቀበሉ ሰዎች ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ከአውሮፓ የመጡት መምህራን አገሩን ለቀው ወጡ። ሥራው በእነ ሚካኤል አረጋዊ፣ በአገሩ ልጆች እጅ ቀረ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች በመተማ በኩል ገብተው ጎንደርን ሲያቃጥሉ እነዚህ ምእመናን ከባድ መከራ አዩ። ሆኖም የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በእጃቸው ነበረና ቃሉ ከመምህራኑ ጋር አልሄደም። በደርግ ዘመንም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉ ጊዜ አማንያን በየቤቱ ተሰብስበው ጸለዩ።

ማርቲን ሉተርም ይህን አስቦ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1529 ዓ.ም. ትንሹን ካቴኪዝም ሲያወጣ፣ አባወራ ለቤተ ሰቡ በቀላሉ እንዲያስተምረው አድርጎ አዘጋጀው። ለጠዋትና ለማታም አጭር ሥርዐት ሰጠ፦ የሃይማኖት መግለጫ፣ አባታችን ሆይ፣ አንዲት ትንሽ ጸሎት። ከዚያ በኋላ ጠዋት በደስታ ወደ ሥራ መሄድ፣ ማታም ሳይጨነቁ መተኛት ነው። ይህን ለመፈጸም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያስፈልግም።

እንግዲህ በቤታችን እንዴት እንጀምር?

አንደኛ፣ ሰዓቱን ከቀድሞ ልማዳችን ጋር እናያይዘው። «ሲመቸን እንጸልያለን» የሚል ቤት አይጸልይም። እራት ከተነሣ በኋላ ወይም ቡናው ከተጠጣ በኋላ ብንል ግን ቡናው ራሱ ያስታውሰናል። ሙሴም በዘዳግም ሰውን ያዘዘው በቤት ሲቀመጥ፣ በመንገድ ሲሄድ፣ ሲተኛና ሲነሣ ቃሉን እንዲናገር ነው። እነዚህ ሁሉ ዕለት ዕለት የምናደርጋቸው ናቸው።

ሁለተኛ፣ ንባቡ ጥቂትና ተከታታይ ይሁን። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው፤ በየማታው ግማሽ ምዕራፍ ያነበበ ቤት በ32 ቀን ይፈጽመዋል። መዝሙረ ዳዊት 150 ነው፤ የአገራችን ወርም 30 ቀን ስለ ሆነ፣ መስከረም 1 ቀን የጀመረ ሰው በየቀኑ አንድ መዝሙር ቢያነብ ጥር 30 ቀን ይጨርሳል።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ድርሻ ይኑረው። የተማረው ልጅ ያንብብ፤ አያቱ ማንበብ ባትችልም የሰማችውን አንዲት ቃል ደግማ ትናገር፤ እናትና አባት ይጸልዩ፤ ታናሹ አባታችን ሆይን ይምራ። በቃል የተያዘ ጥቅስ በዝናም አይበላሽም፤ ድንበር ላይም አይቀማም።

አራተኛ፣ ከቤት የራቀውን አንለየው። ልጁ ወደ ገዳሪፍ ሲወርድ ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ መዝሙር ይስማማ። ጥቅምት 1 ቀን 31ኛው፣ ኅዳር 1 ቀን 61ኛው መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ስልክ ባይሠራ፣ ደብዳቤም ባይደርስ፣ እናት በደጋ እርሱም በሰሊጡ ማሳ ዳር በዚያች ማታ አንዱን ቃል ይሰማሉ። ወሬው ቢቋረጥ እንኳ ኅብረቱ አይቋረጥም።

ነገር ግን አንድ ነገር እንጠንቀቅ። በዚህ ልማድ በእግዚአብሔር ፊት አንጸድቅም፤ የምንጸድቀው በክርስቶስ ጸጋ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ማታ ቢያልፈን እንደ ዕዳ ቈጥረን አንሸበር፤ ያለፈውንም ለመክፈል አምስት ምዕራፍ አንከምር። በማግሥቱ የዚያን ቀኑን መዝሙር ከፍተን እንቀጥል። ደክሞ ከማሳ የገባ ልጅ ከአባታችን ሆይ በቀር ሌላ ማለት ባይችል አባቱ ሰምቶታል። እንጀራ ለተራበ ሸክም እንዳይደለ ቃሉም እንዲሁ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ዳንኤል ጸሎቱን ለ30 ቀን ቢያቆም ኖሮ ምን ያጣ ነበር? እኛስ «ለጥቂት ጊዜ ብቻ» ብለን የተውነው ምንድር ነው?
2. በቤታችን ዕለት ዕለት የማይቀረው ሥራ የትኛው ነው? ጸሎቱን ከእርሱ ጋር እንዴት እናያይዘው?
3. ከማኅበራችን ወደ ቆላ ወይም ወደ ውጭ አገር የሄዱት እነማን ናቸው? በዚህ ሳምንት ከእነርሱ ጋር የምናነበው የትኛውን መዝሙር ነው?

ጸሎት፦ የሰማይ አባት ሆይ፤ በማሳና በመጠለያ ድንኳን ያሉትን ልጆችህን አስባቸው። ቃልህ በቤታችን እንደ ዕለት እንጀራችን ይሁንልን። ከቤታችን ብንወጣም ከአንተ አንውጣ፤ ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ ስማን። አሜን።